እትብት እያለልን «የእምብርት ገመድ»?

የእህቴ ልጅ ከእርግዝና ክትትል ስትመለስ በራሪ ወረቀት ይዛ መጣች። ርእሱ «የእምብርት ገመድ ደም» ይላል። እናቷ ቀና ብላ «ደግሞ የምን ገመድ ነው?» አለች። ልጅቷ ልታስረዳት ስትጀምር «እትብት አትይኝም ታዲያ!» ብላ ወደ ቡናዋ ተመለሰች። እኔ ግን ወረቀቱ ከእጄ አልወጣ አለ።

ወረቀቱ የሚያወራለት ሕክምና የቅርብ ጊዜ ነው። ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ በእትብቱና በእንግዴ ልጁ ውስጥ የሚቀረው ደም፣ ደም የሚያመርቱ ስቴም ሴሎች ስላሉበት ለሕሙማን ይሰጣል፤ መጀመሪያ የተሠራው በ1988 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ ነው።

ስሙን ግን ከሩቅ ማምጣት አያስፈልግም ነበር። ሐኪሞች በላቲን «ፉኒኩሉስ ኡምቢሊካሊስ» ይሉታል፤ ወረቀቱ ይህንኑ ቃል በቃል ገልብጦታል። ዕብራይስጡም በሕዝቅኤል 16 ለእትብት፣ በመኃልየ መኃልይ 7 ለእምብርት የሚጠቀምበት ቃል ሥሩ አንድ ነው። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ እዚያ እትብት፣ እዚህ እምብርት ብሎ ይለያቸዋል። ይህን የመሰለ ሀብት እንዴት ይጣላል?

እምብርት በግእዝ ሕንብርት፣ በትግርኛ ሕምብርቲ ነው። አማርኛ ሐመሩን «ሐ» ጥሎ፣ «ን»ን በ«ብ» ፊት «ም» አደረገው። ለጆሮ «እም» ከሚለው፣ ከእናት፣ የተወለደ ይመስላል፤ እኔም ብዙ ዘመን እንዲያ እያሰብኩ ወድጄው ነበር፤ የግእዙ «ሕ» ግን አይፈቅድም። የከተማ እምብርት እንላለን፤ «ሆዳም ሰው እምብርት የለውም» እንላለን። ቃሉ መካከልንም ርኅራኄንም ይዟል። የማይዘው እትብትን ነው። እምብርት እኮ እትብት ደርቆ ሲወድቅ የሚቀረው ጠባሳ ነው! «የእምብርት ገመድ» ማለት ቁስሉን በጠባሳው ስም መጥራት ነው።

ገመዱም አይስማማኝም። ገመድ ያስራል፤ እትብት ይመግባል። በውስጡ ሁለት ደም ቅዳና አንድ ደም መልስ አሉ። እነዚህን ሁለት ስሞች ልብ በሉ፤ አማርኛ የአካል ስም ሲያወጣ እንዲህ ሥራውን አይቶ ያወጣል።

«የእንግዴ ልጅ ደም» የሚል ቢመጣ አልቆጣም፤ ደሙ ከዚያም ይገኛልና። ሆኖም የሚቀዳው በእትብቱ ደም ሥር በኩል ስለሆነ «የእትብት ደም» ይበልጥብኛል፤ ማከማቻውም «የእትብት ደም ባንክ» ይባል። አገራችንን እትብታችን የተቀበረባት የምንል ሰዎች ነን፤ ይህን ለማንም ማስረዳት አይጠይቅም።

እስክሪብቶ አንሥቼ በወረቀቱ ላይ «የእምብርት ገመድ» ያለበትን ሁሉ ሰረዝኩና «እትብት» ብዬ ጻፍኩበት። ሰባት ቦታ ነበር።