ቸርችል ጎዳና እና የጥቁር ሕዝቦች የነፃነት ታሪክ

ቸርችል ጎዳና በአዲስ አበባ ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ተነሥቶ ቁልቁል እስከ ለገሃር የሚወርድ መንገድ ነው። ስሙን ያገኘው ከእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ዊንስተን ቸርችል ነው። በሁለቱ ጫፎቹ አካባቢ ያሉት ቅርሶች ግን ከአድዋ ድል በኋላ ኢትዮጵያን የነፃነት ምሳሌ አድርገው ከመጡ የካሪቢያንና የአሜሪካ ጥቁሮች ታሪክ ጋር ይያያዛሉ።

አራዳ

በጎዳናው ላይኛ ጫፍ አቅራቢያ የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራልና የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት ይገኛሉ። ሐውልቱ የተመረቀው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ ዋዜማ ነው። ጣሊያኖች ከተማዋን ሲይዙ አንሥተውት ነበር፤ ከድል በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በካቴድራሉ የተፈጸመው ንግሥ በመላው የጥቁር ዓለም ተሰምቷል። በዚያው ጊዜ የባርቤዶስ ተወላጅ የሆነው የሐርለሙ ረቢና ሙዚቀኛ አርኖልድ ፎርድ ወደ አዲስ አበባ መጣ። ፎርድ በማርከስ ጋርቬይ ማኅበር ውስጥ የሠራ ሰው ሲሆን መስከረም 1928 ዓ.ም. በከተማዋ አረፈ። ባለቤቱ ሚኞን ፎርድ ከድል በኋላ የልዕልት ዘነበወርቅ ትምህርት ቤትን መሠረተች።

ከእነርሱ በፊት የሄይቲው ቤኒቶ ሲልቫን ከአድዋ ድል በኋላ ባለው ዓመት መጥቶ ዳግማዊ ምኒልክን አግኝቷል። በ1892 ዓ.ም. ለንደን በተደረገው የመጀመሪያው የፓን አፍሪካ ጉባኤም ተገኝቷል።

ለገሃር

የምኒልክ ሐኪም የነበረው ጆሴፍ ቪታሊያን ከፈረንሳይ ካሪቢያን ደሴቶች የመጣ ጥቁር ነበር። በጥር 1900 ዓ.ም. የባቡሩ ሐዲድ ከድሬዳዋ እስከ አዲስ አበባ እንዲቀጥል ፈቃድ የተሰጠው በእርሱ ስም ነው። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. ከተማዋ ደረሰ፤ የለገሃር ጣቢያ ሕንፃ ደግሞ በ1922 ዓ.ም. ተመረቀ።

የባርነት መወገድ

እነዚህ ሰዎች ነፃ አገር ብለው ሲመጡ በኢትዮጵያ ራሷ ባርነት ገና አልቀረም ነበር። ነገሥታቱ የባሪያ ንግድን በአዋጅ ቢከለክሉም ልማዱ ቀጥሎ ነበር። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ከሆነች በኋላ በመጋቢት ወር ባሮች ደረጃ በደረጃ ነፃ የሚወጡበት ሕግ ወጣ። በልጅነቱ ከመቅደላ ወደ ህንድ ተወስዶ ያደገው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴም ነፃ ለወጡ ልጆች ትምህርት እንዲሰጥ ሠርቷል። ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው በነሐሴ 1934 ዓ.ም. አዋጅ ነው።

ዛሬ

በየካቲት 2016 ዓ.ም. የአድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም በፒያሳ ተከፍቷል። በአዲሱ የጅቡቲ መስመር ባቡሩ ከለገሃር ወደ ከተማው ዳርቻ ቢዛወርም የቀድሞው ጣቢያ ሕንፃ በጎዳናው ግርጌ ቆሟል።