ሼህ ሆጀሌ አልሐሰን፦ ከአቆልዲ እስከ አዲስ አበባ

በዓል የምሥጋና ጊዜ እንደመሆኑ ሁሉ ወደ ኋላ ተመልክቶ ለመማርም ይጠቅማል። በመሆኑም በዚህ ጽሑፍ ከትንሽ የአካባቢ መንደር ተነሥተው የአሶሳንና የአካባቢውን ፖለቲካ ለአርባ ዓመታት ያህል የመሩትን የሼህ ሆጀሌ አልሐሰንን ታሪክ በአጭሩ እናቀርባለን።

የአካባቢያችን ወርቅ ብዙ ዓይን ስቧል። ግብፃውያን በ1813 ዓ.ም. ሱዳንን ሲወርሩ ከሚፈልጓቸው ነገሮች ዋነኞቹ ወርቅና ባሪያ ነበሩ። በዚያው ክፍለ ዘመን ከሱዳን የመጡ ነጋዴዎች የበርታ ባላባቶችን ልጆች እያገቡ ተዋለዱ፤ ልጆቻቸውም ወጣዊት ተባሉ። ከጊዜ በኋላ የአካባቢው አስተዳደር በእነዚህ ቤተሰቦች እጅ ገባ። በክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ጎልተው የታወቁት ሦስት ግዛቶች ቤኒሻንጉል፣ ሆሞሻና አቆልዲ ሲሆኑ፣ የአሁኗ አሶሳ አካባቢ በአቆልዲ ሥር ነበር። የአቆልዲ ገዥ ደግሞ ሼህ ሆጀሌ ነበሩ።

በ1890 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በራስ መኮንን የሚመራ ጦር ወደ አካባቢው ላኩ። ጦሩ ድል አድርጎ የአካባቢው ሼሆች ወደ አዲስ አበባ ተወሰዱ። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተፈረመው የድንበር ውል ቤኒሻንጉል በኢትዮጵያ ክልል ውስጥ እንዲሆን ተወሰነ። ሆኖም መሬቱን በካርታ ላይ ማስመር አንድ ነገር ነው፤ ከሩቅ ሆኖ ወርቅ መሰብሰብ ግን ሌላ ነው። ቤተ መንግሥቱ ቋንቋውን፣ ጅረቱንና የወርቁን ቦታ የሚያውቅ ሰው አስፈለገው። ሼህ ሆጀሌ ይህን ክፍተት ሞሉ። ከእስር ተፈትተው፣ ዓመታዊውን ግብር በወርቅ እያስገቡ፣ ከሌሎቹ ሼሆች ሁሉ ልቀው የአካባቢው ዋና ገዥ ሆኑ።

ብልሃታቸው የሚናቅ አልነበረም። እንደ ጅማና እንደ ወለጋ ባላባቶች ሁሉ ግብር እየከፈሉ የውስጥ አስተዳደራቸውን ጠብቀው ቆይተዋል። አዲስ አበባ ውስጥ በጉለሌ በኩል መኖሪያ ሠርተዋል፤ ሸጎሌ የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከእሳቸው እንደሆነ ይነገራል። ከሩቅ ጠረፍ የመጣ ሰው በዋና ከተማው ሰፈር ስሙን ማትረፉ ቀላል ነገር አይደለም።

ነገር ግን ታሪክ ሲነገር ሙሉውን መናገር ይገባል። ግብሩን ያስገቡት ሼሁ ቢሆኑም ወርቁን ከጅረቱ ያጠበው ሕዝቡ ነው። ገበሬውና ወርቅ አጣቢው ያመረተውን ሲያስረክብ ስንት ወቄት ለቤተ መንግሥት እንደሄደ፣ ስንት መንገድ ላይ እንደቀረ የሚጠይቅበት ሸንጎ አልነበረውም። ከዚህም የከፋው ወርቁ ያልሸፈነውን ሰው መሸፈኑ ነው። ከበርታ፣ ከማኦ፣ ከኮሞና ከጉሙዝ ብዙ ሰዎች ለባርነት ተሽጠዋል። የሼሁ ባለቤት ሲት አምና ከድንበሩ ማዶ ሆነው በዚህ ንግድ ስማቸው የገነነ ነበር። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ሆና በዚያው ዓመት ባርነትን የሚገታ አዋጅ ብታወጣም ንግዱ ወዲያው አልቆመም። ሲት አምና በ1920 ዓ.ም. በሱዳን ባለው የእንግሊዝ አስተዳደር ተይዘው ለፍርድ ቀረቡ።

ሼህ ሆጀሌ በጣልያን ወረራ ዘመን አረፉ። አሶሳም መጋቢት 2 ቀን 1933 ዓ.ም. ከቤልጅግ ኮንጎ በመጣ ጦር ከጣልያን እጅ ወጣች። የሼሆቹ ዘመን እንደቀድሞው አልተመለሰም።

ታዲያ ይህ ታሪክ ለእኛ ምን ይነግረናል? ሼህ ሆጀሌ ኃይላቸውን ያገኙት በአምራቹና በመንግሥት መካከል ብቸኛው በር በመሆናቸው ነው። በሩ አንድ ሰው ሲሆን፣ ሰውየው የቱንም ያህል ብልህ ቢሆን፣ ሚዛኑን የሚያየው እሱ ብቻ ነው። ወደ ላይ በደንብ ይቆጥራል፤ ወደ ታች ግን የሚቆጥርለት የለም።

የኅብረት ሥራ ማኅበር ይህን የሚያስተካክል አሠራር ነው። አባሉ ሰሊጡን፣ በቆሎውን ወይም አኩሪ አተሩን ሲያስረክብ ሚዛኑን በዓይኑ ያያል፤ ደረሰኝ ይቀበላል። በጠቅላላ ጉባኤ አንድ አባል አንድ ድምፅ አለው፤ የኦዲት ሪፖርት ይሰማል፤ ትርፉ በተሳትፎው መጠን ይከፋፈላል። ይህ ሁሉ ግን በወረቀት ላይ በመጻፉ ብቻ አይሠራም። አባሉ ጉባኤ ሲቀር፣ ኮሚቴው ሪፖርቱን ሲያዘገይ፣ የአካባቢ ባለሥልጣን ማኅበሩን የራሱ በር ሲያደርገው አሮጌው ሥርዓት በአዲስ ስም ይመለሳል።

ስለዚህ አባላት ሆይ፣ ሚዛኑን እዩ፣ ሒሳቡን ጠይቁ! አመራሮችም ከመጠየቃችሁ በፊት አሳዩ። መልካም በዓል!