በእንግሊዝኛ የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ራስን ማስተዋወቅ፦ ከሜክሲኮ እስከ ካዛንቺስ ለምታመለክቱ

በሜክሲኮና በካዛንቺስ ዙሪያ በእንግሊዝኛ ቃለ መጠይቅ የሚያደርጉ ብዙ ቀጣሪዎች አሉ። በሜክሲኮ በኩል የአፍሪካ ኅብረት፣ ካዛንቺስ ላይ ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ይገኛሉ፤ በመካከላቸውም ባንኮች፣ ሆቴሎችና ግብረ ሰናይ ድርጅቶች አሉ። የመጀመሪያው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ «ቴል አስ አባውት ዩርሰልፍ»፣ ማለትም «ስለ ራስህ ንገረን» የሚል ነው። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ የተማረ ሰው እዚህ ላይ ሲደናቀፍ እናያለን። ምክንያቱ ሁልጊዜ ሰዋስው አይደለም፤ የአተዋወቅ ልማዳችን፣ ስማችንና ዘመን አቆጣጠራችን ሳይተረጎሙ አብረውን ስለሚገቡም ነው።

1. ጥያቄው የሕይወት ታሪክ አይጠይቅም

እኛ ስንተዋወቅ የትውልድ ቦታና ቤተሰብ እናነሳለን። ጠያቂዎቹ ግን ማወቅ የሚፈልጉት ሥራውን መቻላችሁን ነው። ዕድሜን፣ ትዳርን፣ ብሔርንና ሃይማኖትን ተዉት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም አሠሪ በሠራተኞች መካከል በብሔር፣ በፆታ ወይም በሃይማኖት ልዩነት እንዳያደርግ ይከለክላል።

አራት ነገሮች ይበቃሉ፦ ስም፣ ሙያና የሥራ ልምድ፣ አሁን የምትሠሩት ሥራ፣ ያመለከታችሁበት ምክንያት። ለምሳሌ አንድ የሒሳብ ባለሙያ ስሙን ከተናገረ በኋላ እንዲህ ሊል ይችላል፦ «አይ አም አን አካውንታንት ዊዝ ስሪ ይርስ ኦፍ ኤክስፒሪያንስ። አት ማይ ከረንት ጆብ አይ ፕሪፔር ዘ መንዝሊ ሪፖርትስ።» ቀጥሎ «አይ አፕላይድ ቢኮዝ…» ብሎ ምክንያቱን ይጨምራል። ከአንድ ደቂቃ ተኩል አይበልጥም።

2. ስም

የውጭ ዜጋ ጠያቂ የአባታችሁን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ሊጠራችሁ ይችላል። ስማችሁን ቀስ ብላችሁ ተናገሩና የምትጠሩበትን «ፕሊስ ኮል ሚ…» ብላችሁ ንገሩት። ስሙ በፓስፖርት፣ በዲግሪና በማመልከቻ ላይ በአንድ ዓይነት የእንግሊዝኛ ፊደል መጻፉንም አረጋግጡ፤ መሐመድና ዐብዱረሕማን ብዙ ዓይነት አጻጻፍ አላቸው።

3. ዓመትና ሰዓት

ሐምሌ 2014 የተመረቀ ሰው በእንግሊዝኛ «2014» ካለ፣ ሰሚው ከእውነተኛው ጊዜ ስምንት ዓመት ቀድሞ የተመረቀ ይመስለዋል። ቀጥሎም «እነዚያን ዓመታት ምን ስትሠራ ነበር?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ትክክለኛው 2022 ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ደምሩ። ከላይ የጠቀስነው አዋጅ ራሱ በእንግሊዝኛ 1156/2019 ተብሎ ነው የሚጠራው። ጥሪው 9፡00 ኤኤም ካለ ደግሞ ጠዋት 3 ሰዓት ማለት ነው።

4. «ሠራን» ወይስ «ሠራሁ»?

በትሕትና «እኛ ሠራን» ማለት ለምደናል። ጠያቂው ግን የእናንተን ድርሻ ለይቶ ማወቅ ይፈልጋል፤ «አይ» በሉ። እውነትን መናገር ጉራ አይደለም። ነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ) የግብፅን ግምጃ ቤቶች ኃላፊነት ከንጉሡ ሲጠይቁ ጠባቂና ዐዋቂ መሆናቸውን ነው የገለጹት፤ ከሥራው ጋር የሚገናኙ ሁለት ችሎታዎች ናቸው።

ግሡንም ልብ በሉ። አሁንም እዚያው እየሠራችሁ «አይ ወርክድ» ካላችሁ ሥራውን የለቀቃችሁ ይመስላል። «አይ ሃቭ ወርክድ ዜር ፎር ስሪ ይርስ» በሉ።

5. ዐረብኛ ካላችሁ

ዐረብኛ የተባበሩት መንግሥታትም የአፍሪካ ኅብረትም ይፋዊ ቋንቋ ነው። በመድረሳ የተማራችሁ ይህን ችሎታ ሳትጠቅሱ አትለፉ። ደረጃውን ግን በሐቅ ለዩ፤ ቁርኣን ማንበብ፣ ጽሑፍ መረዳትና መነጋገር የተለያዩ ናቸው። ያልቻላችሁትን ቻልን ካላችሁ ቀጣዩ ጥያቄ በዐረብኛ ሊመጣ ይችላል።

6. ሰላምታ

ከተቃራኒ ፆታ ጋር የማትጨባበጡ ከሆነ ቀኝ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁ፣ በፈገግታ «ናይስ ቱ ሚት ዩ» በሉ። ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም። ቀጠሮው ከጁምዓ ሶላት ጋር ከተጋጨ ደግሞ ጥሪው እንደደረሳችሁ ሌላ ሰዓት ጠይቁ።

7. ልምምድ

ቃል በቃል አትሸምድዱ፤ አንድ ቃል ሲጠፋ ሁሉም ይጠፋል። አራቱን ነጥቦች ብቻ ያዙ። ድምፃችሁን በስልክ ቀድታችሁ አድምጡ፤ ከዚያም ጓደኛችሁ እንደ ጠያቂ ሆኖ ይጠይቃችሁ። ጥያቄው ካልተሰማችሁ «ኩድ ዩ ፕሊስ ሪፒት ዘ ክወስችን?» ማለት ነውር የለውም፤ ያልገባን ጥያቄ በግምት ከመመለስ ይሻላል።