የሀዲያ ሆሳዕና እግር ኳስ ክለብ የክረምት ቡድን ግንባታ

የሀዲያ ሆሳዕና እግር ኳስ ክለብ የክረምት ቡድን ግንባታ ክለቡ በሁለት የውድድር ዓመታት መካከል ነባር ተጫዋቾችን የሚያሰናብትበት፣ ውል የሚያራዝምበትና አዳዲስ ተጫዋቾችን የሚያስፈርምበት ሂደት ነው። ክለቡ መቀመጫውን ያደረገው በሆሳዕና ከተማ ሲሆን፣ ፎንቆን፣ ሾኔንና ጊምቢቹን የመሳሰሉ የሀዲያ ዞን ከተሞች ነዋሪዎችም የራሳቸው ቡድን አድርገው ያዩታል። በኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ ብዙ ክለቦች ክረምት በመጣ ቁጥር ቡድናቸውን በሰፊው ይለውጣሉ፤ ሀዲያ ሆሳዕና ግን ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው።

ታሪክ

ክለቡ በ2008 ዓ.ም. በፕሪምየር ሊጉ ተወዳድሮ ከዳሸን ቢራ ጋር ወደ ታችኛው ሊግ ወርዷል። የተመለሰው በ2012 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት በደረጃ ሰንጠረዡ ግርጌ ከነበሩት ቡድኖች አንዱ ሆኖ ሳለ ውድድሩ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት መጋቢት ላይ ተቋረጠ። በኋላም ዓመቱ ሙሉ በሙሉ ሲሰረዝ ሻምፒዮንም ወራጅም እንዳይኖር ተወሰነ። ለሌሎች ክለቦች ኪሳራ የነበረው ይህ ውሳኔ ለሆሳዕናው ቡድን ሁለተኛ ዕድል ሆነለት ማለት ይቻላል።

የሚቀጥለው ውድድር የተጀመረው ታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. በመሆኑ ክለቡ ዘጠኝ ወር ገደማ የመዘጋጃ ጊዜ አገኘ። የቀድሞው የብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ አሸናፊ በቀለ ተቀጠሩ፤ ቡድኑም በአዳዲስ ተጫዋቾች ተዋቀረ። ከፈረሙት መካከል ከአዳማ ከተማ የመጣው አጥቂ ዳዋ ሆቴሳ ይገኝበታል። በዚያው ወቅት መቐለ 70 እንደርታ፣ ስሑል ሽረና ወልዋሎ ዓዲግራት በትግራይ በተነሳው ጦርነት ምክንያት ከውድድሩ ውጪ ሆኑ፤ ተጫዋቾቻቸውም አዲስ ክለብ መፈለግ ነበረባቸው።

አዲሱን ቡድን የሆሳዕና ሕዝብ በሜዳው አላየውም። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ውድድሩ በተመረጡ ከተሞች (በዚያ ዓመት በአዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሀዋሳ) በየተራ መካሄድ ጀመረ። ጨዋታዎቹ በዲኤስቲቪ ይተላለፉ ስለነበር ደጋፊው አዳዲሶቹን ተጫዋቾች የተዋወቀው በቴሌቪዥን ነው።

ግንባታው ግን አልቀጠለም። በ2014 ዓ.ም. ዳዋ ሆቴሳ ወደ አዳማ ተመለሰ፤ በአሸናፊ በቀለ ምትክም የቀድሞው የብሔራዊ ቡድን አማካይ ሙሉጌታ ምሕረት ዋና አሠልጣኝ ሆነ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ያሬድ ገመቹ ቡድኑን ተረከበ። በሦስት ዓመት ሦስት አሠልጣኝ ማለት ነው። እያንዳንዱ አሠልጣኝ የሚፈልገው የአጨዋወት ስልትና ተጫዋች ስለሚለያይ አዲስ ቅጥር አዲስ ዝውውርን ይዞ ይመጣል።

ምክንያቶቹ

የፊፋ ደንብ የተጫዋች ውል እስከ አምስት ዓመት እንዲደርስ ይፈቅዳል። በኢትዮጵያ ግን የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ውል የተለመደ ነው። ስለዚህ የውድድር ዓመቱ ሲጠናቀቅ በርካታ ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ ነፃ ይሆናሉ፤ ያለ ዝውውር ክፍያም ይሄዳሉ። አውሮፓ ውስጥ አንድ አነስተኛ ክለብ ጥሩ ተጫዋች ሲያጣ ቢያንስ ምትክ የሚገዛበት ገንዘብ ያገኛል። ሆሳዕናን የመሰለ ክለብ ግን ውሉ ላለቀ ተጫዋች ምንም አያገኝም፤ የሚቀጥለውንም ቡድን የሚሠራው ከባዶ ተነስቶ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት በጀት ነው። እንደ አብዛኞቹ የክልል ክለቦች ሁሉ ሀዲያ ሆሳዕናም በአካባቢው መንግሥት ድጋፍ ላይ የተመሠረተ ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የዝውውር ገበያውም የሚጧጧፈው በዚያው ሰሞን ነው። ገንዘቡ መቼና ምን ያህል እንደሚለቀቅ ሳይታወቅ ለሦስትና ለአራት ዓመት ማስፈረም ከባድ ነው። ደመወዝ ሲዘገይ ደግሞ ተጫዋቾች ለፌዴሬሽኑ አቤቱታ ያቀርባሉ፤ ክለቡ የተወሰነበትን ካልከፈለ አዲስ ተጫዋች ከማስመዝገብ እስከ መታገድ ሊደርስ ይችላል። አጭር ውል ለክለቡ ከዚህ ስጋት መሸሻ ነው፤ ዋጋው ግን የቡድን ውህደት ነው።

ወጪውን ለመግታት የተለያዩ ሙከራዎች ተደርገዋል። በነሐሴ 2011 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑና ክለቦች የአንድ ተጫዋች ከፍተኛ የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ተስማምተው ነበር። ስምምነቱ ከውል ውጪ በሚፈጸም ክፍያ ይጣሳል የሚል ወቀሳ ሳይለየው ቆየ። ከ2017 የውድድር ዓመት ጀምሮ ደግሞ የሊጉ አክሲዮን ማኅበር የእያንዳንዱን ክለብ ጠቅላላ የተጫዋቾች ክፍያ የሚገድብ መመሪያ ሥራ ላይ አውሏል። የትግራይ ሦስቱ ክለቦች የተመለሱትም በዚሁ ዓመት ስለሆነ፣ ክለቦች የክፍያ ጣሪያ በተበጀለት ገበያ ለተጫዋች የሚሻሙበት ክረምት ነበር።

ከሀምበሪቾ ጋር ሲነጻጸር

የጎረቤት ከምባታ ክለብ የሆነው ሀምበሪቾ ዱራሜ በ2016 ዓ.ም. ወደ ፕሪምየር ሊጉ አድጎ በዚያው ዓመት ከሻሸመኔ ከተማ ጋር ወርዷል። አዲስ አዳጊ ክለብ ችግሩ እጥፍ ነው፤ ማደጉን የሚያውቀው የውድድሩ ማብቂያ ላይ ስለሆነ ከነባሮቹ ጋር የሚወዳደር ቡድን በጥቂት ወራት ውስጥ መሥራት አለበት።

የአካባቢ ተጫዋቾች

በየክረምቱ የሚፈርሙት አብዛኛውን ጊዜ በሌሎች የሊጉ ክለቦች የተፈተኑ ተጫዋቾች ናቸው። ከፎንቆ ወይም ከጊምቢቹ የሚነሳ ታዳጊ ወደ ዋናው ቡድን የሚገባው ቦታ ከተረፈ ነው፤ በየዓመቱ ከሚቀያየሩ አሠልጣኞች መካከልም ለሁለት ዓመት ታግሦ የሚያሳድገውን ማግኘት አለበት። ፊፋ ከ18 ዓመት በታች ላለ ተጫዋች የሚፈቅደው ውል ሦስት ዓመት ይደርሳል፤ ይህም በሊጉ ከተለመደው የአዋቂ ውል ይረዝማል።