ከብቱ ሲታመም ማን ይሰማል?

ዛሬ ስለ ክፉ ቀን ነው የምናወራው። ሽማግሌዎቻችን ከአያቶቻቸው የሰሙት፣ እኛ ግን ስሙን ብቻ የምናውቀው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1887 ጣልያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቡት ከብት ጋር አንድ የከብት በሽታ ገባ። ስሙ ደግሞ ደስታ! አብዛኛው የአገሪቱ ከብት አለቀ። በሽታው ሰው አይዝም። ግን በሬ ከሌለ ማን ያርሳል? ድርቅና አንበጣ ተጨመረበት፤ ከዚያ ሰዉ በረሃብ፣ በፈንጣጣ፣ በኮሌራ ረገፈ። ከቤተ እስራኤልም እጅግ ብዙ ሰው አለቀ፤ የተረፈውም ከቀዬው ተበተነ።

ደስታ ከኢትዮጵያ የጠፋው ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። አፋር በረሃ ላይ መኪናና ማቀዝቀዣ እንደልብ አይገኝም፤ ስለዚህ በ1990ዎቹ ሙቀት የሚችል ክትባት መጣ። የሚከትቡትም ማኅበረሰቡ ራሱ የመረጣቸው፣ ሠልጥነው የተመለሱ አርብቶ አደሮች ነበሩ። በ2011 በሽታው ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ለኔ ጀግኖቹ እነሱ ናቸው።

እዚህ እስራኤል ውሻ ቢነክሳችሁ ሊሽካት ሃብሪዩት ይነገረዋል፤ የከተማው ቬትሪናር ደግሞ ውሻውን 10 ቀን ይከታተላል። ሁለቱ ይነጋገራሉ ማለት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ2003 ጀምሮ በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተመድበዋል፤ የከብት ሐኪሙ ግን በግብርና በኩል ነው። ጥሬ ወተት ጠጥቶ የሚያተኩሰው ልጅ ወደ እሷ ይመጣል፤ ያስወረደችው ላም ወደ እሱ። ካልተነጋገሩ፣ ሁለቱም በአንድ በሽታ፣ በብሩሴሎሲስ መያዛቸውን ማን ያውቃል?