በማስታወቂያ የኖረ ጨዋታ፦ የሸገር 102.1 ታሪክ

የአገራችን ሬዲዮ ታሪክ ለረጅም ጊዜ የመንግሥት ታሪክ ነበር። በ1928 ዓ.ም. መባቻ፣ የጣሊያን ወረራ ሲቃረብ፣ ከአቃቂ ስርጭት የጀመረው ጣቢያ የመንግሥት ነበር። በ1955 የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ያቋቋመው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ሌላ አማራጭ ሆኖ መጣ፤ እሱንም ደርግ በ1969 ወረሰው። ከደርግ መውደቅ በኋላ ጋዜጣና መጽሔት በግል መታተም ቢጀምርም፣ የአገር ውስጥ የሬዲዮ ጣቢያዎች ግን ከመንግሥትና ከገዢው ፓርቲ እጅ ሳይወጡ ብዙ ዓመት ቆዩ።

በሩን በሕግ ደረጃ የከፈተው በ1991 የወጣው የብሮድካስት አዋጅ ቁጥር 178 ነው። የግል ባለሀብት የሬዲዮ ፈቃድ መጠየቅ ይችላል ተባለ። መቻልና ማግኘት ግን ለየቅል ናቸው። በ1992 የመንግሥቱ ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 ሲከፈት፣ የግል አዘጋጆች የአየር ሰዓት እየገዙ ፕሮግራም የሚያቀርቡበት አሠራር መጣ። ከኢትዮጵያ ሬዲዮ የምናውቃቸው ጋዜጠኛ መዓዛ ብሩ «አዲስ ዜማ»ን ያቀረቡት በዚህ ጣቢያ ነው። የእኛ ትውልድ ተማሪዎች የኤፍ ኤምን ጣዕም ያወቅነው ያኔ ነው። አዘጋጁ ለሰዓቱ ይከፍላል፣ ወጪውን የሚመልሰው ከማስታወቂያ ነው፣ ማስታወቂያ የሚመጣው ደግሞ አድማጭ ካለ ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር፣ የንግድ ሬዲዮ ሥራ የተለመደው የንግድ ጣቢያ ከመኖሩ በፊት፣ በመንግሥት ጣቢያ ውስጥ ነበር።

በ1998 የመጀመሪያዎቹ ሁለት የንግድ ኤፍ ኤም ፈቃዶች ተሰጡ፤ አንዱ ለሸገር፣ ሌላው ለዛሚ 90.7። መዓዛ ብሩ ከባለቤታቸው ከተዋናይ አበበ ባልቻ ጋር የመሠረቱት ሸገር 102.1 በ2000 ዓ.ም. አየር ላይ ዋለ። ከአዋጁ እስከ ስርጭቱ ስምንት ዓመት ገደማ መሆኑ ነው። ጊዜው ግን ገጠመለት። የኤፍ ኤም ሞገድ የሚጓዘው ቀጥታ ስለሆነ ከከተማው ብዙም አይርቅም፤ ጣቢያውም በከተማዋ የቁልምጫ ስም መጠራቱ ያምርበታል። ያኔ ሬዲዮ ያለው ሞባይል በየኪሱ ገብቶ ነበር፤ የጆሮ ማዳመጫው ገመድ እንደ አንቴና ያገለግላል። ታክሲው፣ ፀጉር ቤቱ፣ ልብስ ሰፊው ጋ ሁሉ ሬዲዮ ይሰማል። ተረኛ ሆነን ስናድር እኛም እንሰማ ነበር።

እንግዲህ የንግድ ጣቢያ የሚሸጠው የአድማጩን ጆሮ ነው። በዚህ ስሌት ከሄድን ዘፈን፣ አጭር ወሬ፣ ስልክና ሽልማት ይበቃ ነበር። ሸገርም ዘፈኑን አልተወም። ነገር ግን ከዚያ ጎን «መቆያ»ን አመጣ፤ እሸቴ አሰፋ የዓለምንና የአገርን ታሪክ እንደ ማታ ተረት እያዋዛ ይተርክበታል። በ«ቅዳሜ ጨዋታ» ውስጥ ደግሞ «የጨዋታ እንግዳ» አለ። መዓዛ አንድን ሰው ያስቀምጡና ከልጅነቱ ይጀምራሉ፤ የት ተወለድክ፣ ማን አሳደገህ፣ ትምህርት ቤት እንዴት ገባህ። ወሬው ካላለቀ ለሳምንት ይተላለፋል፣ ከዚያም ለሚቀጥለው። አድማጭ ደግሞ ጠበቀ! ረጅም ወግ ማስታወቂያ ሊሸከም እንደሚችል የታየው እዚህ ላይ ነው። የሸገር ትልቁ ሥራ ለእኔ ይሄ ነው።

ሐኪም ሆኜ ስሰማው አንድ ነገር ይገርመኛል። እኛ «ሂስትሪ መውሰድ» የምንለው ሥራ ከዚህ ብዙም አይርቅም። አስተማሪዎቻችን በሽተኛውን አታቋርጡት፣ ምርመራው ግማሹ በአፉ ውስጥ ነው እያሉ አሳድገውናል። ተመላላሽ ክፍል ስንገባ ግን ወረፋው ያቻኩለናል፤ ለአንድ ሰው ጥቂት ደቂቃ ደርሶን «የት ጋ ነው የሚያምህ?» ብለን እናልፋለን። በማስታወቂያ የሚተዳደር ጣቢያ፣ እያንዳንዷ ደቂቃ ዋጋ ያላት ቤት፣ ለአንድ አዛውንት ሳምንታት መስጠቱ ለእኛ ለሙያተኞቹ ትምህርት ነው። ዝምታ ሲመጣ ቶሎ ያለመሙላት፣ ስምና ዓመት ተረጋግቶ መጠየቅ፣ የሚያለቅስን ሰው እንዲጨርስ መተው፤ እነዚህ የማይክሮፎንም የስቴቶስኮፕም ሥነ ምግባር ናቸው።

ይህ ሁሉ ሲጠራቀም ጣቢያው ሳይታሰብ መዝገብ ቤት ሆነ። የአርቲስቶች፣ የሹማምንት፣ የወታደሮች፣ የምሁራን የሕይወት ታሪክ በገዛ ድምፃቸው ተቀምጧል፤ ብዙዎቹም ዛሬ በኢንተርኔት ይደመጣሉ። ጉድለትም አለው። እንግዳ ሆኖ የሚጠራው ስሙ የታወቀው ሰው ነው። በዚያው ዘመን ዋርድ ውስጥ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ነርሶች፣ አዋላጆች፣ የካርድ ክፍል ሠራተኞች ወንበሩ አይደርሳቸውም። ደግሞም መሠረቱ ንግድ ነው። ማስታወቂያ ፊቱን ወደ ስልክና ወደ ማኅበራዊ ሚዲያ ሲያዞር ማንኛውም ጣቢያ ይነካል። አብሮ ፈቃድ የተሰጠው ዛሚ እንኳ ዛሬ አዋሽ 90.7 ተብሎ ነው የሚጠራው። ጣቢያ ስሙንም ባለቤቱንም ሊቀይር ይችላል፤ የተቀዳው ድምፅ ግን የሚጠብቀው ሰው ይፈልጋል።

ወደ ራሳችን ልመለስ። በዚህ መጽሔት ውስጥ በየዓመቱ ያረፉ መምህራኖቻችንን ፎቶ እናወጣለን፤ ከሥሩ ሁለት መስመር እንጽፋለን። የተማሩበትን ዘመን፣ በአብዮቱ ጊዜ ሕክምና እንዴት እንደቀጠለ፣ ጓንትና መድኃኒት ሲጠፋ ምን እንዳደረጉ በድምፃቸው የያዘልን ግን ጥቂት ነው። ቀብር ላይ ተሰብስበን «ስንቱን ያውቁ ነበር» እንባባላለን፤ ያወቁት ግን አብሮ ይቀበራል።

ማኅበራችን የሬዲዮ ፈቃድ አያስፈልገውም። ስልክ ሁሉ ድምፅ ይቀዳል። በየባቹ ሁለት ሰው ይመደብ፤ አንድ ጡረታ የወጡ መምህርና አንድ የቀድሞ የሆስፒታል ሠራተኛ በዓመት ይቅዳ፤ ቅጂው ከባለቤቱ ፈቃድ ጋር በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ። በሥራ ላይ ያላችሁ መምህራንም ተማሪዎቻችሁን ለዚህ ሥራ ብታሰማሩ ሂስትሪ መውሰድን በደንብ ይማሩበታል። አንድ የንግድ ጣቢያ ማስታወቂያ እየለመነ ለሌሎች ያደረገውን፣ እኛ ለገዛ አስተማሪዎቻችን ማድረግ አያቅተንም።