«ማኮብኮብ»ና «መንደርደር»፦ ስለ አውሮፕላን የምድር ጉዞ ቃላት

«ኩብኩባ» ክንፉ ገና ለበረራ ያልደረሰ አንበጣ ነው። የቆቦና የግራና ሸለቆ ገበሬ ይህን ቃል በመከራ ያውቀዋል፤ በ2013 ዓ.ም. መግቢያ የበረሃ አንበጣ የሰሜን ወሎን ቆላ ወርሮ ነበር። «አኮበኮበ» የሚለው ግስም የዚሁ ቤተ ዘመድ ሲሆን፣ ለመብረር እየዘለሉ መሮጥን ያመለክታል።

የመጀመሪያው አውሮፕላን በነሐሴ 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። የኢትዮጵያ አየር መንገድም በመጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን አደረገ። ለመሣሪያው ስም የባዕዱን ቃል የተቀበለው አማርኛ፣ በምድር ላይ ለሚያደርገው ጉዞ ግን ከራሱ ጎተራ «አኮበኮበ»ን አወጣ። የዘመኑ ዳግላስ ሲ 47 በጅራቱ ጎማ ስለሚያርፍ አፍንጫው ወደ ላይ ያቀና ነበር፤ አብራሪው ፊት ለፊቱን በደንብ ስለማያይ፣ ከማቆሚያው ሲወጣና ሲገባ ምድር ላይ የቆመ ሰው የእጅ ምልክት እጅግ ይጠቅመው ነበር።

ዛሬ ችግሩ «ማኮብኮቢያ» ሁለት ሥራ መያዙ ነው፤ አውሮፕላን ቀስ ብሎ የሚሄድበትንም፣ ለመነሣት የሚሮጥበትንም መንገድ ይጠሩበታል። በሙያው ግን ልዩነቱ የሕይወት ጉዳይ ነው። የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ ተሳፋሪ የሚወርድበትን፣ ነዳጅ የሚሞላበትን ማቆሚያ ከሁለቱም መንገዶች ለይቶ ይተረጉመዋል።

በመጋቢት 1969 ዓ.ም. በቴኔሪፌ ደሴት የሆነውን እናስታውስ። ከሌላ ጣቢያ የተመለሱ አውሮፕላኖች ማቆሚያውን ስላጣበቡት ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች በመንደርደሪያው ላይ ለመሄድ ተገደዱ። አንዱ አብራሪ «መነሣት» የሚለውን ቃል ጉዞ መጀመሩን ለመግለጽ ሲናገር፣ የማማው ሠራተኛ በመነሻው ቦታ ቆሞ እንደሚጠብቅ ተረዳው። በጉሙ ውስጥ ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ቃሉ ለመነሣት ሲፈቀድና ፈቃዱ ሲሰረዝ ብቻ እንዲነገር ተወሰነ።

ስለዚህ «ማኮብኮብ» ለዝግታው ጉዞ፣ «መንደርደር» ለመነሻው ሩጫ፣ «ማቆሚያ» ለማረፊያው ሥፍራ ተለይተው እንዲያዙ እናሳስባለን። አውሮፕላን በጎታች መኪና ከማቆሚያው ሲወጣም «ወደ ኋላ መግፋት» ይበቃል። ጎማ የሚያግደው ሽብልቅ በጭነት መኪና ረዳቶች አፍ «ታኮ» ይባላልና፣ ሌላ ስም መፈለግ አያሻም። ሦስቱም የቦታና የጉዞ ቃላት በሕዝቡ አፍ አሉ፤ የቀረው እያንዳንዱን በድርሻው ማዋል ነው።